የድንጋይ ክብ ዕድሜና አቅጣጫ፦ ከቢቸና አድማስ ሲታይ

በምሥራቅ ጎጃም ደጋ ላይ ክብ ቅርጽ ብርቅ አይደለም። የገበሬው ቤት ክብ ነው፤ አውድማው ክብ ነው፤ የከብቱ በረት ክብ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ሳይቀር ቅኔ ማኅሌቱ ቅድስቱን፣ ቅድስቱ መቅደሱን እየከበበ የሚሄድ ክብ ሕንፃ ነው፤ ዙሪያውን የሚያጥረው የድንጋይ ቅጽርም ብዙ ጊዜ ይህንኑ መልክ ይከተላል። ስለዚህ ከቢቸና ወደ ሞጣ በሚወስደው ደጋ አንድ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ሣር የዋጠው በክብ የተደረደረ ድንጋይ ቢያጋጥመው፣ መጀመሪያ ሊጠየቅ የሚገባው «ወደየትኛው ኮከብ ያመለክታል?» የሚለው አይደለም። «የፈረሰ ቤት ነው? በረት ነው? የተነሣ ቤተ ክርስቲያን መሠረት ነው? መቃብር ነው?» የሚለው ነው።

በተግባር የሚታየው ግን ብዙውን ጊዜ የዚህ ተቃራኒ ነው። የድንጋይ ክብ በተገኘበት አገር ሁሉ ኮምፓስ ከአካፋ ይቀድማል። አንድ ድንጋይ ወደ አንድ የፀሐይ መውጫ ያቀና ሲመስል «የጥንት የሰማይ መመልከቻ» የሚል ስም ይወጣለታል፤ ስሙ ዕድሜን ይወልዳል፤ ዕድሜው ደግሞ ተመልሶ ለስሙ ማስረጃ ይሆናል። እንዲህ ባለው ጊዜ ከድንጋዩ ይልቅ ክብ የሚሆነው ሙግቱ ነው። እዚህ የሚቀርበው ሐሳብ ይህንን ቅደም ተከተል የሚቃወም ነው። ዕድሜ ከአፈር ይነበብ፤ አቅጣጫ ከዕድሜ በኋላ ይምጣ፤ የጎጃም ተመራማሪም ዓላማቸው ወዳልታወቀ ድንጋዮች ከመሄዱ በፊት፣ አቅጣጫቸው ታስቦበት በተሠሩ ሕንፃዎች ላይ ልኬቱን ይፈትን።

የተገለበጠው ቅደም ተከተል የሚያስከትለውን ጉዳት አጥርቶ የሚያሳየው ታሪክ ለኢትዮጵያ ሩቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1978 ሊንችና ሮቢንስ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ላይ፣ ከቱርካና ሐይቅ በስተ ምዕራብ፣ በኬንያ ምድር፣ ናሞራቱንጋ በሚባል ስፍራ ስለቆሙ 19 የባዛልት ዓምዶች አንድ ጽሑፍ አወጡ። ዓምዶቹ የቦረና ዘመን አቆጣጠር ወደሚጠቀምባቸው ሰባት ኮከቦችና የኮከብ ስብስቦች ያመለክታሉ፤ የተተከሉትም ከክርስቶስ ልደት በፊት 300 ዓመት ገደማ ነው አሉ። መነሻቸው አስመሮም ለገሰ እ.ኤ.አ. በ1973 ስለ ገዳ ሥርዓት ባሳተመው መጽሐፍ የገለጸው የቦረና የዘመን ቀመር ነበር። በዚህ ቀመር ዓመቱ 354 ቀን ያህል ያለው፣ አሥራ ሁለት የጨረቃ ወራት የያዘ ነው፤ አያንቱ የሚባሉት አዋቂዎችም ጨረቃ ከየትኛው ኮከብ ጋር እንደዋለች እያዩ ወሩን ይለያሉ። ከኮከቦቹ መካከል ላሚ፣ ቡሳን፣ በካልቻና ባሳ የሚባሉት ይገኙበታል።

ጽሑፉ በወጣ ጊዜ ብዙዎችን አስደስቷል፤ የሚያስደስትም ነበር። ከሰሐራ በስተ ደቡብ ያለ የአፍሪካ ሕዝብ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ የቆየ የሰማይ ዕውቀት በድንጋይ አስቀርጾ ተገኘ የሚል ዜና ነበርና። ሆኖም አራት ዓመት ገደማ ቆይቶ መሰንጠቅ ጀመረ። ሮበርት ሶፐር እ.ኤ.አ. በ1982 ልኬቱን መልሶ ሲመረምር ባዛልቶቹ ራሳቸው መግነጢሳዊ መሆናቸውን፣ በዚህም ምክንያት በኮምፓስ የተወሰደው አቅጣጫ የማይታመን መሆኑን አመለከተ። ሎራንስ ዶይል እ.ኤ.አ. በ1986 የቦረናን ቀመር በሌላ መንገድ ተረጎመው፤ ክላይቭ ራግልስ በ1987፣ ማርኮ ባሲ ደግሞ በ1988 ክርክሩን ቀጠሉ። የባሲ አስተዋፅኦ የተለየ ክብደት አለው፤ ከድንጋዩ ሳይሆን ከአያንቱ ዘንድ ሄዶ ሥራቸውን ያየ ሰው ነውና። የቦረና አያንቱ የሚያነቡት ጨረቃንና ኮከብን ነው፤ ዕውቀቱ የሚኖረውም በሰው ትውስታ ውስጥ ነው፤ ይህን ለማድረግ የተተከለ ዓምድ አያስፈልጋቸውም።

ትልቁ ምት ግን ከአፈር መጣ። ከክርስቶስ ልደት በፊት 300 የሚለው ዕድሜ የተገኘው ከዓምዶቹ ሥር አልነበረም፤ ርቆ ከሚገኝና በዚያው ስም ከሚጠራ ሌላ የመቃብር ስፍራ የተወሰደ የራዲዮካርበን ውጤት ነበር። በኋላ ኤሊዛቤት ሂልደብራንድ፣ ካትሪን ግሪሎና ባልደረቦቻቸው በሐይቁ ምዕራባዊ ዳርቻ ያሉ የዓምድ ስፍራዎችን ሲቆፍሩ፣ ስፍራዎቹ ከ5000 እስከ 4000 ዓመት ገደማ በፊት የነበሩ ከብት አርቢዎች የሠሯቸው መሆናቸው ታወቀ። ከእነርሱ አንዱ በሆነው በሎታጋም ሰሜን ብቻ ቢያንስ 580 ሰዎች መቀበራቸው እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ ሆነ። እንግዲህ ናሞራቱንጋ የዚህ ቤተሰብ አባል ከሆነ፣ የኮከቦቹ ሙግት የቆመበት ዘመን በሁለት ሺህ ዓመት ያህል ተሳስቷል ማለት ነው። በኮከብ ጉዳይ ሁለት ሺህ ዓመት ቀላል አይደለም። የመሬት ዘንግ ቀስ እያለ ስለሚዞር ኮከቦች በየ72 ዓመቱ በአንድ ዲግሪ ይሸሻሉ፤ በሁለት ሺህ ዓመት ውስጥ ከ25 ዲግሪ በላይ ይሆናል። በአንዱ ዘመን የገጠመ አቅጣጫ በሌላው ዘመን አይገጥምም።

ታዲያ መጀመሪያ ሁሉም ኮከቦች እንዴት ሊገጥሙ ቻሉ? መልሱ በሒሳብ ውስጥ ነው፤ እያንዳንዱ የድኅረ ምረቃ ተማሪም በራሱ ወረቀት ላይ ሊሠራው ይችላል። 19 ዓምዶች ካሉ፣ ከእያንዳንዱ ወደ ሌሎቹ 18 የሚሳቡት መስመሮች 342 አቅጣጫዎችን ይሰጣሉ። የአድማስ ዙሪያ 360 ዲግሪ ነው። ስለዚህ በአማካይ ለእያንዳንዱ ዲግሪ አንድ አቅጣጫ ይደርሰዋል። ተመራማሪው ለስሕተት ግራና ቀኝ አንድ አንድ ዲግሪ ቢፈቅድ፣ የትኛውም ኮከብ በዕድል ብቻ ሁለት ያህል መስመር ያገኛል። ሰባት ኮከቦች ሰባቱም መስመር ቢያገኙ የሚያስደንቅ አይደለም፤ ባያገኙ ነበር የሚያስደንቀው።

ክብ ለሆነ ድንጋይ ድርድርም ስሌቱ ከዚህ አይሻልም። አሥራ ሁለት ድንጋዮች በክብ ቆመው ከመካከል ሆኖ የሚያያቸው ሰው አለ እንበል። ለዓላማ የሚሆኑ የተለመዱ አቅጣጫዎች ይቆጠሩ፦ ፀሐይ በሰሜንና በደቡብ ጫፏ የምትወጣባቸውና የምትገባባቸው አራት፣ ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ጊዜ ሁለት፣ ጨረቃ በትልቁና በትንሹ ዙሯ ጫፍ የምትወጣባቸውና የምትገባባቸው ስምንት፤ በድምሩ አሥራ አራት ናቸው። ለእያንዳንዳቸው ግራና ቀኝ ሁለት ሁለት ዲግሪ ከተፈቀደ፣ ከ360 ዲግሪ ውስጥ 56ቱ «ትርጉም ያለው» ተብለው ተይዘዋል። ያለ ምንም የሰማይ ሐሳብ የተደረደሩ አሥራ ሁለት ድንጋዮች ቢያንስ አንዱን የመምታት ዕድላቸው ከመቶ 87 ያህል ነው። እንዲህ ያለውን ፈተና የጎጃም የከብት በረትም ያልፈዋል።

በጎጃም ደጋ ላይ ሌላም ችግር አለ፤ እርሱም የምድሩ ዓይነት ነው። የደጋው ወለል ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በሰፊው የፈሰሰ ባዛልት ነው፤ ጮቄም በኋላ በዚያ ላይ የተቆለለ የእሳተ ገሞራ ተራራ ነው። ባዛልት በራሱ መግነጢሳዊ ነው፤ መብረቅ የመታው ከሆነ ደግሞ እጅግ ይብስበታል፤ መብረቅ የማያውቀው የጎጃም ኮረብታ የለምና። በናሞራቱንጋ የደረሰው እዚህም ይደርሳል። ድንጋዩ አጠገብ የተያዘ ኮምፓስ ብዙ ዲግሪ ሊዋሽ ይችላል፤ ከዚያ ላይ መግነጢሳዊው ሰሜንና እውነተኛው ሰሜን የሚለያዩበት ልዩነት ይታከላል። መፍትሔው ውድ አይደለም። በቴዎዶላይት ወይም በቶታል ስቴሽን ፀሐይን በታወቀ ሰዓት መለካት እውነተኛውን ሰሜን ያስገኛል፤ ተራርቀው በጂፒኤስ የተያዙ ሁለት ነጥቦችም ይህንኑ ይሰጣሉ። በኮምፓስ ብቻ የተለካ የባዛልት ድርድር አቅጣጫን የያዘ ጥናት ግን ወደ ክርክሩ ከመግባቱ በፊት ሊመለስ ይገባዋል።

ከኮከብ ይልቅ ፀሐይ ትታመናለች የሚል ይኖራል፤ እውነት ነው፤ ግን የምትታመንበት ምክንያት ራሱ ዕድሜ ለማወቅ የማትጠቅም ያደርጋታል። ፀሐይ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ የምትርቅበት ልክ በመቶ ዓመት ውስጥ የሚለወጠው በአንድ ዲግሪ መቶኛ ያህል ነው። የፀሐይ ገጽ ስፋት ግማሽ ዲግሪ ነው፤ ጫፏ በዚህ ስፋት ልክ እንዲዛወር አራት ሺህ ዓመት ያህል ይፈጃል። ኖርማን ሎክየር እ.ኤ.አ. በ1901 በእንግሊዝ አገር ያለውን የስቶንሄንጅ ዕድሜ በዚህ መንገድ አስልቶ ከክርስቶስ ልደት በፊት 1680 ገደማ ብሎ ነበር። ራዲዮካርበን በኋላ ትልልቆቹ ድንጋዮች የቆሙት ከክርስቶስ ልደት በፊት 2500 ገደማ መሆኑን አሳየ። ሎክየር ታላቅ የሥነ ፈለክ ሊቅ ነበር፤ ስሌቱም ንጹሕ ነበር። የስምንት መቶ ዓመት ስሕተት የመጣው ድንጋይ ተካዮቹ ፀሐይን ስታፈነጥቅ ይሁን ሙሉ ስትወጣ እንደሚያዩ ሊያውቅ የሚችልበት መንገድ ስላልነበረው ነው።

የስቶንሄንጅን የፀሐይ አቅጣጫዎች ወደ ኢትዮጵያ ማምጣት ደግሞ ሌላ ስሕተት ነው። በዚያ ኬክሮስ የፀሐይ መውጫ በዓመት ውስጥ 80 ዲግሪ ያህል ይወዛወዛል፤ የሰኔና የታኅሣሥ መውጫዎች የተራራቁ ስለሆኑ ዓይን ይስባሉ። ቢቸና በሰሜን 10 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ትገኛለች። እዚያ ፀሐይ የምትወጣው ከሰሜን በስተ ምሥራቅ 66 ዲግሪ እስከ 114 ዲግሪ ባለው ክልል ውስጥ ብቻ ነው፤ ሙሉው ቅስት 48 ዲግሪ ያህል ነው። ከዚህ የተነሣ ወደ ምሥራቅ ባጠቃላይ የሚመለከት ማንኛውም ነገር በዓመቱ ውስጥ ለአንድ የፀሐይ መውጫ መግጠሙ የማይቀር ነው። ሰኔ 14 ገደማ የሚውለው የሰሜን ጫፍ ደግሞ በጎጃም ክረምት ከሚገባበት ጋር ይገጣጠማል፤ ሰማዩ ይደፈናል፤ ጥርት ብሎ የሚታየው ታኅሣሥ 12 ወይም 13 ላይ የሚውለው የደቡብ ጫፍ ነው። በሌላ በኩል በስቶንሄንጅ ፈጽሞ የማይታይ አንድ ክስተት በቢቸና አለ፦ ሚያዝያ 9 እና ነሐሴ 20 ገደማ ፀሐይ በቀትር ከአናት በላይ ትሆናለች፤ የቆመ ነገር ጥላ ያጣል። ከሁለቱ የሚያዝያው በአብዛኛው ደመና የማይጋርደው ነው። በዚህ አገር የሰማይን ዑደት በድንጋይ ለመያዝ ያሰበ ሰው ከነበረ፣ ከእንግሊዝ የመጣው የአቅጣጫ ዝርዝር የእርሱን ሐሳብ አይነግረንም።

ለጎጃም የሚመች አንድ ነገር አለ። ወደ ምድር ወገብ በቀረቡ ቁጥር ፀሐይ ቀጥ ብላ ስለምትወጣና ስለምትገባ፣ የአድማሱ ከፍታ የሚያመጣው ስሕተት ትንሽ ነው። ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ጊዜ አምስት ዲግሪ ከፍ ያለ ተራራ በቢቸና የፀሐይን አቅጣጫ የሚያዛውረው በአንድ ዲግሪ ገደማ ነው፤ በስቶንሄንጅ ኬክሮስ ግን ከስድስት ዲግሪ ይበልጣል። በስተ ምዕራብና በስተ ሰሜን ምዕራብ ጮቄ ላለባት ከተማ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

ወደ ዕድሜ ሲመለሱ፣ በኢትዮጵያ ትክል ድንጋዮች ላይ ከሁሉ የሚያስተምረው የቅርብ ጊዜ ሥራ የተገኘው ከጌዴኦ ነው። የአርኪዮሎጂ ተመራማሪው አሸናፊ ዜና፣ አንድሩ ደፍና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጡት ጥናት፣ በሳካሮ ሶዶ ያሉት ትክል ድንጋዮች ከ50 እስከ 100 ዓ.ም. ባለው ጊዜ (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) መቆም እንደጀመሩ በራዲዮካርበን አሳዩ። ቀድሞ ይገመት የነበረው 1100 ገደማ ነበር። አንድ ሺህ ዓመት ወደ ኋላ የሄደው ማንም ወደ ሰማይ ስላየ አይደለም፤ ከድንጋዮቹ ሥር ያለው አፈር ስለተነበበ ነው። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ መዝገብ ሲሰፍር ይህ ሥራ ታትሞ ነበር። በሶዶ ያለው የጢያ ስፍራም እ.ኤ.አ. በ1980 የተመዘገበው ከ36 ትክል ድንጋዮች 32ቱ በተቀረጹበት ምልክትና ከሥራቸው ባለው መቃብር እንጂ በኮከብ አይደለም።

ለቢቸና የሚቀርበው ግን የሰሜን ሸዋው ነው። ከዓባይ ማዶ፣ ፀሐይ ለምሥራቅ ጎጃም ከምትወጣበት በኩል፣ በመንዝና በአካባቢው ፍራንስዋ ግዛቪዬ ፎቬልና በርትራን ፗሶኒዬ የመረመሯቸው የድንጋይ ቁልል መቃብሮች አሉ። የሻይ ባህል የሚል ስም የተሰጣቸው ሲሆን ከ10ኛው እስከ 14ኛው መቶ ዘመን የተሠሩ ናቸው፤ በውስጣቸው የመስታወት ዶቃዎችን ጨምሮ ከሩቅ የመጣ ዕቃ ተገኝቷል። ዕድሜያቸው የታወቀው በዚህና በራዲዮካርበን ነው። በጎጃም በኩል ለሚገኝ የድንጋይ ክብ ይህ ጉርብትና ጥሩ መነሻ ሐሳብ ይሰጣል፤ ዕድሜ ግን አይሰጥም። «ከሸዋው ጋር ይመሳሰላል» ብሎ የሸዋውን ዘመን መለጠፍ በናሞራቱንጋ ከተደረገው የተለየ ሥራ አይደለም።

«ዕድሜ» የሚለው ቃል ራሱ ነጠላ መስሎ ያታልላል። መርጡለ ማርያም እዚያው ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ለዚህ ምስክር ናት። የቦታው ትውፊት ምሥረታዋን ወደ አብርሃና አጽብሓ ዘመን ያደርሳል፤ በ16ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ እቴጌ እሌኒ ቤተ ክርስቲያን አሠርታባታለች፤ በ17ኛው መቶ ዘመን የሱሳውያን በዚያው ላይ ሠርተዋል። «የመርጡለ ማርያም ዕድሜ ስንት ነው?» የሚለው ጥያቄ ሦስት የተለያዩ መልሶች አሉት፤ ሦስቱም በየፊናቸው ትክክል ናቸው። ስለ አንድ የድንጋይ ክብ ሲነገርም ድንጋዩ የተፈለጠበት፣ የቆመበት፣ የተጠገነበትና ለሌላ ሥራ የዋለበት ዘመን ተለይቶ መቀመጥ አለበት። የከሰል ቁራጭ ከድንጋዩ መትከያ ጉድጓድ ውስጥ ከተገኘ ስለ አተካከሉ ይናገራል፤ ከላዩ ካለው ንብርብር ከተገኘ ምናልባት እረኞች ስላነደዱት እሳት ይናገራል።

ይህ ሁሉ ሲባል ኢትዮጵያውያን የፀሐይን መውጫ በአድማስ ላይ አልለዩም ማለት አይደለም። ሙሉ ጽሑፉ በግዕዝ ብቻ ተጠብቆ የቆየው መጽሐፈ ሄኖክ ስለ ሰማይ ብርሃናት በሚናገርበት ክፍል፣ ፀሐይ በምሥራቅ በስድስት ኆኅት እንደምትወጣ፣ በምዕራብም በስድስት ኆኅት እንደምትገባ ወር በወር ይዘረዝራል። ይህ በትክክል የአድማስ ዘመን አቆጣጠር ነው። በጎጃም የአብነት ትምህርት ቤቶች ባሕረ ሐሳብ የተማረ ሰው ለዚህ እንግዳ አይደለም። ሆኖም አንድ ነገር መታየት አለበት። መጽሐፉ ቀንና ሌሊትን በአሥራ ስምንት ክፍል ከፍሎ፣ በረጅሙ ቀን አሥራ ሁለቱን ለቀን፣ ስድስቱን ለሌሊት ይሰጣል። በቢቸና ግን ረጅሙ ቀን 12 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ገደማ ነው እንጂ 16 ሰዓት አይደለም። አጥኚዎች ይህንን ሁለት ለአንድ የሆነ ቀመር ከጥንታዊት ባቢሎን ጋር ያያይዙታል። ስለዚህ የጎጃም ሊቅ ስለ ኆኅቶቹ ያወቀው ከመጽሐፍ ነው፤ ከጮቄ ጫፍ ቆሞ ስላየ አይደለም። የሰማይ ዕውቀት መኖሩና ያ ዕውቀት በአካባቢው ድንጋይ ላይ መዋሉ ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው፤ አንዱ ለሌላው ማስረጃ ተደርጎ መቅረብ የለበትም።

የምሥራቅ ጎጃም እውነተኛ ሀብት ያለው እዚህ ላይ ነው። የአብያተ ክርስቲያናቱ መቅደስ ወደ ምሥራቅ እንዲያቀና ታስቦ የተሠራ መሆኑ በእርግጠኝነት ይታወቃል፤ ግምት አያስፈልገውም። ያልታወቀው፣ ሊለካም የሚገባው፣ አሠሪዎቹ ምሥራቅን በምን ያህል ጥራት እንዳገኙት ነው። ሠላሳ ያህል አሮጌ አብያተ ክርስቲያናት በኮምፓስ ሳይሆን በፀሐይ ቢለኩ፣ ያለ ዘመናዊ መሣሪያ አቅጣጫ ያስያዘ የጎጃም ግንበኛ የሚሳሳትበት ልክ በቁጥር ይታወቃል። ልኩ ስምንት ዲግሪ ሆኖ ቢገኝ፣ በዚያው አገር በአንድ የድንጋይ ክብ ላይ የአንድ ዲግሪ ትክክለኛነት የሚጠይቅ ማንኛውም ሙግት በዚያው ያበቃል። ሁለት ዲግሪ ሆኖ ቢገኝ ደግሞ ክርክሩ በአዲስ ጉልበት ይጀመራል። በሁለቱም መንገድ ዕውቀት ይገኛል።

ከዚህ ጋር ሊፈተን የሚችል አንድ ጥሩ መላ ምት አለ። በአውሮፓ አብያተ ክርስቲያናት ላይ ለረጅም ጊዜ የተነሣ ጥያቄ ሕንፃው የሚያቀናው በታቦቱ በዓል ቀን ፀሐይ ወደምትወጣበት ነውን? የሚል ነው። በጎጃም ጥያቄው ለፈተና ይመቻል፤ የበዓላቱ አቅጣጫ ይራራቃልና። እንደ ዲማና እንደ ሞጣ በጊዮርጊስ ስም ለተሠራ ቤተ ክርስቲያን ሚያዝያ 23 ቢወሰድ፣ በዚያ ቀን ፀሐይ የምትወጣው ከምሥራቅ 15 ዲግሪ ያህል ወደ ሰሜን ብላ ነው። በማርያም ስም ለተሠራ ኅዳር 21 ቢወሰድ፣ 22 ዲግሪ ያህል ወደ ደቡብ ብላ ነው። የሁለቱ ልዩነት 37 ዲግሪ ነው፤ ደካማ ልኬት እንኳ ሊለየው ይችላል። ሁሉም አብያተ ክርስቲያናት ስማቸው ምንም ይሁን ምን በቀጥታው ምሥራቅ ዙሪያ ከተሰበሰቡ ሐሳቡ ይወድቃል። መላ ምቱ ከመለካቱ በፊት ተጽፎ መቀመጡ ነው ዋጋ የሚሰጠው።

የባሕረ ሐሳብ ተማሪ እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ማንሣቱ አይቀርም፤ ተገቢም ነው። የኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር በየአራት ዓመቱ ያለ ልዩነት ጳጉሜን ስድስት ስለሚያደርግ፣ በዓላቱ ከፀሐይ አንጻር በአራት መቶ ዓመት ውስጥ በሦስት ቀን ይዘገያሉ። በእሌኒ ዘመን ሚያዝያ 23 ቀን የታየችው ፀሐይ ዛሬ በዚያው ቀን ከምትታየው አንድ ዲግሪ ያህል ወደ ደቡብ ብላ ነበር። ይህ ከሎክየሩ ለውጥ በብዙ እጥፍ የበለጠ ነው፤ በመርሕ ደረጃ የሕንፃን ዘመን ሊጠቁም ይችል ነበር። ነገር ግን የግንበኛው ስሕተት ከአንድ ዲግሪ ከበለጠ ይህም ይጠፋል፤ ስለዚህ አሁንም መጀመሪያ መታወቅ ያለበት ያ ስሕተት ነው።

የዚህ ዓይነቱ ጥናት ለተማሪ አቅም የሚመጥን ነው። ቁፋሮ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 የሚጠይቀውን ፈቃድ፣ ገንዘብና የላቦራቶሪ ወጪ ይሻል፤ በቤተ ክርስቲያን ግቢ ሲሆን ደግሞ ጭራሹን አይታሰብም። መለካት ግን መሬቱን አይነካም። ከደብረ ማርቆስ ወይም ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሚነሣ ተማሪ በአንድ በጋ ሊጨርሰው ይችላል። የደብሩን አስተዳዳሪና መሪጌታ ፈቃድ መጠየቅ፣ ስለ ሕንፃው መታደስና ስለ ቦታ መዛወር የሚሉትን መመዝገብ የሥራው አካል ነው፤ ታድሶ የተሠራ ሕንፃ የድሮውን መሠረት ስለመከተሉ የሚያውቁት እነርሱ ናቸውና።

ለምን ይህን ያህል ጥንቃቄ? የሚል ካለ በደቡብ አፍሪካ ምፑማላንጋ የደረሰውን መመልከት ይበቃዋል። በዚያ ያሉ በሺህ የሚቆጠሩ የድንጋይ ክቦች መካከል አንዱ «የአዳም ዘመን መቁጠሪያ» ተብሎ፣ በድንጋይ አቅጣጫ ላይ ብቻ ተመሥርቶ የ75,000 ዓመት ዕድሜ ተሰጠው፤ መጽሐፍ ተጻፈበት፤ ጎብኚም ጎረፈ። በአርኪዮሎጂ ጥናት ግን የዚያ አካባቢ ክቦች ከ1500 እስከ 1820 ገደማ እ.ኤ.አ. በዚያ የኖሩ የቦኮኒ ገበሬዎች ቤት፣ በረትና እርከን ናቸው። ዕድሜው እየተጋነነ በሄደ ቁጥር ክቡን የሠሩት፣ ልጅ ልጆቻቸውም ዛሬ ያሉ ሰዎች ከታሪካቸው ተነቀሉ። የጎጃም ገበሬ አያት የሠራው በረት የኮከብ መመልከቻ ተብሎ ቢጠራ የሚጎዳው ሳይንስ ብቻ አይሆንም።

ልኬቱን ለሚጀምር አንድ የመስክ ማስገንዘቢያ ይቀራል። ከ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ወዲህ የተስፋፋው ባሕር ዛፍ ዛሬ የብዙ ቦታዎችን አድማስ ሸፍኗል። ስለዚህ የአድማሱ ከፍታ በዓይን ከሚታየው ሳይሆን ከመሬት ከፍታ አሃዛዊ ካርታ ተሰልቶ፣ ከዚያ በታኅሣሥ ጥርት ባለ ጧት በቦታው ላይ በአንዲት የፀሐይ መውጫ ፎቶግራፍ መረጋገጥ አለበት። ያልገጠሙት አብያተ ክርስቲያናትም ከገጠሙት ጋር በአንድ ሠንጠረዥ ይታተሙ።